ጋሽ ሜትር ያልለኩት መንገድ

ጋሽ ሜትር ከአናጺው አባታቸውና ልብስ አጥበው ሰባት ልጅ ካሳደጉት እናታቸው በ1943 ዓ.ም. ተወለዱ። አባታቸው ሳንቃ ከመቁረጣቸው በፊት ልጆቹን ሰብስበው «ስንት ይሆናል?» ይሉ ነበር። ሌሎቹ ሲዘባርቁ አምስተኛው ልጅ ልኩን ይናገራል። «የዚህ ልጅ ዓይኑ ሜትር ነው» አሉ አንድ ቀን፤ ያ ስም እንደ ቆዳ ተጣብቆባቸው ቀረ።

እስከ ስምንተኛ ክፍል ተምረው በ1964 ዓ.ም. በእሳት አደጋ መሥሪያ ቤት ተቀጠሩ። መጀመሪያ የውሃ ቱቦ ጎታች፣ ቀጥሎም የመኪና ሹፌር ሆኑ። የነዷት መኪና አንዲት ብቻ ናት፤ በግራና በቀኝ ጎኗ መሰላል የተንጠለጠለባት፣ ባልደረቦቻቸው «እሜቴ» የሚሏት ቀይ መኪና። በ1969 ዓ.ም. ትዳር መሥርተው ሦስት ልጆች አፈሩ። ባለቤታቸው «እኔ ሁለተኛ ሚስት ነኝ፣ የመጀመሪያዋ እሜቴ ናት» እያሉ ይቀልዱ ነበር። በሠላሳ አራት ዓመት ውስጥ ጋሽ ሜትር እሜቴን ከአንድ ግድግዳ ጋር እንኳ አላነካኩም። ጠባቡን መንገድ ሁሉ አንዴ ዓይተው ታልፋለች ወይም አታልፍም ይላሉ፤ ያሉት ይሆናል። በ1998 ዓ.ም. እሳቸው ጡረታ ሲወጡ እሜቴም ለብረት ተሸጠች።

በ2000 ዓ.ም. የሰፈሩ ሰው ለከተማው ምክር ቤት መረጣቸው። ከዚህ ቀጥሎ ያለውን የሕይወት ታሪካቸውን ክፍል መዝለል እንችል ነበር። ነገር ግን በሕይወት ሳሉ «በሬሳዬ ላይ ጀግና ነበር ብቻ ካላችሁ ተነሥቼ ነው የምሄደው» ስላሉን እንዳዘዙን እናነበዋለን።

በ2001 ዓ.ም. አንዲት ነርስ ፊርማ አሰባስባ፣ ከጤና ጣቢያው ወደ ገበያ በሚወርደው ባለ አንድ አቅጣጫ መንገድ ላይ የብስክሌት መስመር ይከለል ስትል ለምክር ቤቱ አመለከተች። ራሷ በየቀኑ በብስክሌት ትመላለስበት ነበር። ግማሹ አባል ደገፈ፤ ግማሹ ደግሞ መንገዱ ከጠበበ እሳት ሲነሣ ማን ይደርሳል ብሎ ሠጋ። ሥጋቱ ተራ ሥጋት አልነበረም፤ ገበያው ከዚያ በፊት ሁለት ጊዜ ተቃጥሏል። ሰብሳቢው ወደ ጋሽ ሜትር ዞሩ።

«ጋሽ ሜትር፣ መኪናው ያልፋል አያልፍም?»

«አያልፍም።»

የከተማው መሐንዲስ መለኪያ ይዣለሁ፣ ወጥተን እንለካው ቢላቸው «እኔ እያለሁ ሜትር ምን ያደርጋል?» አሉት። ነርሷ ከኋላ ወንበር ተነሣች።

«አባቴ፣ ቢለካ ምን አለበት?»

«ልጄ፣ ቤትሽ ሲቃጠል ባልዲ በብስክሌት ጭነን እንምጣልሽ?»

አዳራሹ በሳቅ አለቀ። እሷም ከሰው ጋር ትንሽ ስቃ፣ ወረቀቷን አጥፋ ተቀመጠች። ጋሽ ሜትር እስከ መጨረሻው ያልረሱት የአዳራሹን ሳቅ አይደለም፤ የእሷን ነው። መስመሩ በስድስት ለአምስት ድምፅ ወደቀ፤ ስድስተኛው እጅ የሳቸው ነበር።

ከአሥራ አራት ወር በኋላ ነርሷ በዚያው መንገድ ከሥራ ስትመለስ የጭነት መኪና ገጭቷት ሞተች። ጋሽ ሜትር ቀብሯ ላይ አልተገኙም። ከቤት ሳይወጡ ሦስት ሳምንት ሰነበቱ፤ ባለቤታቸው ምግብ አቅርበው እንዳለ ያነሡ ነበር። በመጨረሻ ልብስ ሰፊ ወደሆኑት የነርሷ እናት ሱቅ ሄደው በሩ ላይ ቆሙ። ሴትዮዋ የስፌት መኪናቸውን አላቆሙም።

«እትዬ፣ ጥፋቱ የኔ ነው።»

«ለክተኸው ነበር?»

«አልለካሁትም።»

«እኔ የሰው ልብስ በዓይኔ አልቆርጥም» አሉ። ከአንገታቸው የጨርቅ ሜትራቸውን አውልቀው ወረወሩላቸው። «ሂድ፣ ለካው።»

በጠራራ ፀሐይ፣ ጥሩምባ እየተነፋባቸው፣ ያ ሁሉ ሰው የሚያከብራቸው ሽማግሌ አስፋልት ላይ ተንበርክከው በልብስ ሜትር መንገድ ለኩ። «ጋሽ ሜትር ለመንገዱ ሱሪ ሊሰፉለት ነው!» ብሎ የጮኸም ነበር። ቀና ብለው አላዩም። ከዚያ ወደ ቀድሞ መሥሪያ ቤታቸው ሄደው መሰላሉን በጎኑ ሳይሆን በአናቱ የተሸከመውን አዲሱን መኪና ለኩ። መስመሩ ቢሠራ ኖሮ መኪናው አልፎ ከአንድ ክንድ በላይ ይተርፍ ነበር። ዓይናቸው የለካው አዲሱን መኪና አልነበረም፤ ተቆራርጣ የቀለጠችውን እሜቴን ነበር።

ይህንን ለምክር ቤቱ ቆመው ተናገሩ። «ባላውቅ ኖሮ ይቅር የሚባል ነበር። እኔ ግን ለካ ተብዬ ነው እምቢ ያልኩት፤ የለመነችኝን ልጅም አስቄባታለሁ» ብለው ከአባልነት ለቀቁ። መስመሩ በ2004 ዓ.ም. ተሠራ። ለምረቃው ቢጠሩም አልሄዱም። የጨርቁን ሜትር ሊመልሱ ቢወስዱት ልብስ ሰፊዋ «ሌላ አለኝ» ብለው ፊታቸውን አዞሩ። ከዚያ ወዲህ ሜትሩ ከኮታቸው ኪስ አልተለየም። የልጅ ልጆቻቸው «ይህ ስንት ይሆናል?» ሲሏቸው፣ እርሳስም ብትሆን፣ አውጥተው ይለኩ ነበር እንጂ አይገምቱም።

ባለፈው ዓመት የጉበት ሕመም አልጋ ላይ ጣላቸው። ኮታቸው የሌላ ሰው እስኪመስል ከሱ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ልብስ ሰፊዋ ማንም ሳይጠራቸው መጡ። «ያን ሜትር አምጣው» አሉ። ትከሻቸውን፣ ደረታቸውን፣ ክንዳቸውን ለክተው ኮቱን ይዘው ሄዱ። በሦስተኛው ቀን አጥብበው መለሱት።

«ትንሽ ላላ አድርጌዋለሁ» አሉ፤ «ስትድን ትወፍራለህ።»

ይቅር ብዬሃለሁ አላሉም፤ ጋሽ ሜትርም አልጠየቁም። ልብስ ሰፊዋ ከወጡ በኋላ ግን ኮቱን ፊታቸው ላይ አድርገው ብዙ አለቀሱ።

አልዳኑም። በዚህ ወር በዘጠነኛው ቀን በተወለዱ በሰባ ሦስት ዓመታቸው አረፉ። ባለቤታቸው፣ ሦስት ልጆቻቸውና አምስት የልጅ ልጆቻቸው ከኋላቸው ቀርተዋል። ዛሬ ለብሰው የሚቀበሩት ያንኑ ኮት ነው፤ ሜትሩ ግን በትእዛዛቸው ለልብስ ሰፊዋ ተመልሷል።

እኛ ሰውን በዓይን ገምተን የምንፈርድ ነን። ፈጣሪ በምሕረቱ መስፈሪያ ይለካቸው፤ ነፍሳቸውንም ከዚያች ልጅ ፊት አሳፍሮ አያቁማት።