አብርቼ ያጠብኩት ብልቃጥ

የእናቴ ልጅ፣ እንዴት ከርመሻል? ጉልበትሽስ፣ ደረጃ ስትወጪ አሁንም ይንቋቋል? ዓይንሽስ? ያ የሚነቃነቀው ጥርስሽ ወለቀ ወይስ እንደ ክፉ ተከራይ አልወጣም ብሎ ተቀምጧል? እኔ ደህና ነኝ፤ ጤናዬ ምንም አላለም። ግን ሳምንቱን ሙሉ እንዳቅለሸለሸኝ ነው። ምሳሽን ሳትበዪ አንብቢው።

ቤተ ሙከራ ውስጥ ጠርሙስ አጣቢ ሆኜ መግባቴን ነግሬሻለሁ። እዚያ የሚሠሩትን ብታዪ ያንገሸግሽሻል። ከእንቁላል አስኳል የወጣ ስብ ያመጡና ከፕላስቲክ ጋር ይቀላቅሉታል። አዎ፣ ከፕላስቲክ! እንደ ባልዲው ያለ አይደለም አሉኝ፤ በዓይን የማይታይ ክር ነገር ነው፣ አንዱ ጫፉ ውሃ ይወዳል፣ ሌላው ጫፉ ውሃ ሲያይ እንደ ባልሽ ይሸሻል። ሁለቱ ተደባልቀው ውሃ ሲነካቸው ትንንሽ አረፋ ይሆናሉ፣ ቆዳው ግማሽ ስብ ግማሽ ፕላስቲክ። ሆዱ ውስጥ መድኃኒት ከተው አንድ ቀን በሰው ደም ሊሰዱት ነው ሐሳባቸው። ኤጭ!

ይሄን ሁሉ ያስረዳችኝ ቀጮ ናት። ቀጮ የምላት እዚያ የምትማር፣ ነፋስ የሚወስዳት የምትመስል ልጅ ናት። ስቡ ብቻውን ሲሆን ቶሎ ያፈሳል፣ ፕላስቲኩ ብቻውን ሲሆን ደግሞ ይደርቃል፣ አብረው ሲሆኑ ይደጋገፋሉ አለችኝ። ላስቲክ በደሜ ከሚዞር ብሞት ይሻለኛል ብላት እስክታነባ ሳቀች። ሌላው ሰው «ማጠቢያ» ነው የሚለኝ፤ «እማማ» የምትለኝ እሷ ብቻ ነበረች።

ሰኞ ጠዋት ስገባ መደርደሪያው ላይ አንድ ሆዱ ክብ የሆነ ብልቃጥ አየሁ። ውስጡ እንደ ደረቀ ንፍጥ ያለ ስስ ነገር ተለጥፎበታል። የኔ ሥራ ገንዳው ውስጥ የተቀመጠውን ማጠብ ብቻ ነው፣ መደርደሪያ አልነካም። ግን ቀፈፈኝ! አነሣሁና በፈላ ውሃና በሳሙና ሦስቴ ፈትጌ እንደ መስታወት አበራሁት፤ መልሼም ቦታው አስቀመጥኩት።

ለካ ቆሻሻ አይደለም። መጀመሪያ ስቡንና ፕላስቲኩን ብልቃጡ ላይ ያደርቁታል፤ በኋላ ውሃ ሲጨመርበት ነው እየተላጠ አረፋ የሚሆነው። ቀጮ ስድስት ወር ጠብቃ ያገኘችውን ፕላስቲክ በሙሉ እዚያ አድርቃ ነው የሄደችው።

የቤተ ሙከራው አለቃ፣ ዶክተሩ፣ መጥቶ ብልቃጡን ወደ ብርሃን ቀና አድርጎ አየና፣ ምንም ሳትሠሪ ሠራሁ ብለሽ ዋሸሽኝ፣ እስከ ዓርብ ዕቃሽን ሰብስቢ አላት፣ ያን ሁሉ ሰው ፊት። በገዛ እጄ ነው ያደረቅኩት ብላ ማለች፤ ማን ይመናት? እኔ በሩ ጋ ብሩሼን ይዤ ቆሜያለሁ። ይሄ ከጠዋት እስከ ማታ የማያርፍ ምላሴ ተጣበቀ። ማክሰኞም ዝም፣ ረቡዕም ዝም። ረቡዕ ደግሞ ቀጮ ዓይኗ አብጦ መጥታ፣ እማማ ጓንትሽ ተቀዷል እጅሽ እንዳይቆስል ብላ አዲስ ጓንት ሰጠችኝ። ጓንቱን እንደያዝኩ መጸዳጃ ቤት ገባሁ። ከስቡም ከፕላስቲኩም ይልቅ ያንገሸገሸኝ ይሄ የራሴ ፊት ነበር፣ መስታወቱ ውስጥ።

ሐሙስ ሁሉም በተሰበሰቡበት ገባሁና ያጠብኩት እኔ ነኝ አልኩ። ምንም ያልነበረበት የመሰላችሁ እኔ አጥርቼ ስለማጥብ ነው፣ ልጅቷ አልዋሸችም አልኩ። ዶክተሩ ጉሮሮውን ጠራረገና፣ እሺ በሉ ወደ ሥራ፣ አለ። በቃ! ይቅርታ የሚል ቃል ከአፉ አልወጣም። ልተፋበት ምንም አልቀረኝም፤ ግን በምን አፌ?

ቀጮ አልተባረረችም። ዓርብ ጠዋት በብልቃጦቿ ላይ ወረቀት ስትለጥፍ አገኘኋትና ደህና አደርሽ አልኳት። ቀና ብላ እንኳ ሳታየኝ፣ ማጠቢያ፣ ይሄን እንዳትነኪ አለችኝ።

የእናቴ ልጅ፣ ያን በልጅነታችን የተሰበረውን የዘይት ጠርሙስ የሰበርኩት እኔ ነኝ። አንቺ በኔ ፈንታ ስትገረፊ መጋረጃው ጀርባ ቆሜ እሰማ ነበር። አንቺ ታውቂ ነበር፣ ስሰብር አይተሽኛል። እንባሽ ሳይደርቅ ግን «እትዬ፣ ጀርባዬን እሺልኝ» ብለሽ መጣሽ። ስድሳ ዓመት ሙሉ ያን «እትዬ» ማለትሽን እንደ ቀላል ነገር ነበር የማየው።

ውሃ ለሚሸሸው ባልሽ ሰላም በይልኝ፣ ይታጠብ በይው። ትልቋን ልጅሽን ሳሚልኝ፤ የመንታዎቹን ጉንጭ ቆንጥጪልኝ፤ ጎረቤትሽን፣ ያቺን ለፍላፊ፣ ከኔ ባትበልጥም እንዴት ነሽ በያት። መልስ ስትጽፊ መጀመሪያው ላይ እንደ ድሮው እትዬ በዪኝ። ባትዪኝም ይገባኛል።

እህትሽ
ከጠርሙስ ማጠቢያው ክፍል፣ የተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀምጬ
ቅዳሜ፣ ኅዳር 13 ቀን