የሦስቱ ሻሽ ነገር

ቡታጅራ፣ እሑድ ሐምሌ 9 ቀን 1998 ዓ.ም.
ከጧት ጀምሮ ሲያካፋ ውሎ ከቀትር በኋላ ዶፉን ለቀቀው። ቤት ውስጥ የነበርነው እኔ፣ ልጄ ባሂራ፣ የእጮኛዋ አባት ሸረፋ፣ ሚስቱ ሃሊማና የአባታችን ባልንጀራ ሀጂ ከድሮ ነን።

ይድረስ ወልቂጤ ላለችው ለእትዬ፣

አሰላሙ አለይኩም ወረህመቱላሂ። ጉልበትሽ እንዴት ነው? የላክሁልሽን የሱፍ ካልሲ አድርጊው፤ ሰልባጅ ነው ብለሽ አትናቂው፣ አንድም ቀዳዳ የለውም። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ደህና ነን ስልሽ ዛሬ የእውነቴን ነው፤ ባለፈው ሳምንት ብጽፍልሽ ኖሮ ግን እዋሽሽ ነበር። የባሂራ ሠርግ ሊፈርስ ነበር፤ ሰበቡም እኔ ነበርኩ።

ሱቄ ውስጥ የሰልባጅ ልብስ ቦንዳ ስፈታ ከኮቶቹ ኪስ ወረቀት ይወጣል፦ የባቡር ቲኬት፣ የመድኃኒት ማዘዣ፣ አንዳንዴም የፍቅር ቃል። ምን ይላል እያልኩ ነው ቋንቋ መማሩን የጀመርኩት። ጣሊያንኛውን ከዚያ ከኪስ ለቀምኩ፤ እንግሊዝኛውን ተማሪ ከጣለው ቅዳጅ መጽሐፍ፤ ዐረብኛውን ጅዳ ከርማ ከመጣች ጎረቤቴ። መጀመሪያ ሁሉም ተደባለቀብኝ። አንድ ቀን ለገበያተኛ ሸሚዝ ስቆጥር ዋሂድ፣ ቱ፣ ትሬ አልኩ፤ ሰውየው ሴትዮዋ ምን ነካት ብሎ ሸሚዙን ጥሎ ሄደ።

ከዚያ በኋላ ለእያንዳንዱ ቋንቋ አንድ ሻሽ ሰጠሁት። ነጩን ሳስር ዐረብኛ ብቻ፣ ቀዩን ሳስር እንግሊዝኛ ብቻ፣ አረንጓዴውን ሳስር ጣሊያንኛ ብቻ። አንዱን ሳልፈታ ወደ ሌላው አልሻገርም። አትሳቂ፤ ከዚያ ወዲህ አንዲት ቃል ቦታዋን አልሳተችም። የማጠናው ከሱቁ መጋረጃ ጀርባ ጮክ ብዬ ነው፤ ካልጮህኩ አይያዝልኝም። በዚህ ዕድሜዋ ተማሪ ሆነች እንዳልባል ለባሂራም አልነገርኳትም።

ታዲያ ባለፈው ማክሰኞ ሃሊማ ሱቅ መጣች። ዝናቡ ኮቴዋን አላሰማኝም። በመጋረጃው ቀዳዳ አየችኝ፦ በቀይ ሻሽ ብቻዬን ስቆጣ፣ ከዚያ ፈትቼ አረንጓዴውን ሳስር፣ በሌላ ድምፅ እጄን እያወናጨፍኩ ስናገር። ጣሊያንኛ ያለ እጅ አይወጣልኝም፣ ምን ላድርግ! ዞራ ሮጠች።

ምን እንደመሰላት አንቺ ታውቂዋለሽ። ዛር የራሱን ቀለም ነው የሚጠይቀው፤ ሦስት ሻሽ ማለት ሦስት ዛር ነው። ሳይመሽ ሰፈሩ ሁሉ ሦስት ይዘዋታል ይል ጀመር። ከእናት ወደ ልጅ ይወርዳል ስለሚባል ባሂራን ለልጃቸው ሊወስዷት ፈሩ። ልጄ ምግብ ተወች። እማ፣ እውነት የያዘሽ ነገር ካለ ለእኔ ንገሪኝ አለችኝ። ከሰፈሩ ወሬ ሁሉ ያመመኝ ይኸ ነው። ትምህርት ነው ብዬ ብነግራትም ዓይኗ አላመነኝም።

ዛሬ ሊጠይቁ መጡ። ሸረፋ ጨዋ ነው፤ ስለ ዝናቡ አወራ፣ ስለ በርበሬው አወራ። ሃሊማ ምን ታዞራለህ፣ በዓይኔ አይቻለሁ፣ ቀዩ ሲመጣባት ትሳደባለች፣ አረንጓዴው ሲመጣባት ትጨፍራለች አለች። ሳቄ መጥቶ ባሂራን ሳይ ዋጥኩት። ሻሾቹን አምጥቼ ፊታቸው ዘረጋሁ። ቀዩን አስሬ ሸረፋን በእንግሊዝኛ ስምህ ማነው አልኩት። ሰውየው እንደ ተማሪ ተነስቶ ቆመና ማይ ኔም ኢዝ ሸረፋ አለ። ሃሊማ አንተ፣ ዛሩን መለስክለት? ብላ ጋቢውን ጎተተችው። ዛር አይደለም፣ የስድስተኛ ክፍል ትምህርት ነው አላት። ባሂራ በሳምንቷ ያን ጊዜ ሳቀች።

ሃሊማ ግን እጅ አልሰጠችም። እሺ፣ እናትሽስ? እናንተ ባደጋችሁበት በእንሴኖ ለብቻቸው ሲያወሩ ያልሰማ አለ? ለእሳቸው የትኛውን ሻሽ ልታሳዪን ነው? አለች። ሻሾቹን ማጣጠፍ ጀመርኩ። እኔና አንቺም ስንፈራው የኖርነው ይህንኑ ነው።

ያን ጊዜ ሲያንቀላፉ የነበሩት ሀጂ ከድሮ ዓይናቸውን ገለጡ። እንግዲያው የቦንጋ ገበያ በሙሉ ዛር ይዞታል በሉኛ! አሉ። በወጣትነታቸው ከአባታችን ጋር በቅሎ እየነዱ ከፋ ድረስ ይነግዱ ነበር። እናታችንን አባታችን ያመጣት ከዚያ ነው። ቦንጋ ሴቱ ሁሉ እንደሷ ነው የሚያወራው፣ የአገሯ ቋንቋ ነው፤ እንሴኖ ውስጥ የሚመልስላት ብታጣ ለራሷ አወራች አሉ። ታዲያ እስከ ዛሬ ለምን ዝም አሉ ብላቸው፣ ማን ጠየቀኝ አሉኝ።

ሸረፋ ለዱዓ እጁን ዘረጋ፤ ሃሊማም አሚን አለች። ሠርጉ እንደተባለው ከአረፋ በኋላ ነው። ባሂራ ጎመኑን በቆጮ እየጠቀለለች ስትበላ አየኋት።

እትዬ፣ እናታችንን ዛሯን ሊያስለቅቁ አዋቂ ቤት ሲወስዷት ቀሚስሽን ይዤ አለቅስ ነበር። ስትመለስ ለብቻዋ ማውራት ተወች፤ እኛም ዳነች ብለን ደስ አለን። ዛሬ እሱን ሳስብ አለቀስኩ፤ ግን ለቅሶው ቀለለኝ። የያዛት ነገር አልነበረም። በደማችን የሚወርድ ነገር የለም። ይህቺን መስመር ደግመሽ አንብቢያት። ያኔ ሙስተፋ የላካቸውን ሽማግሌዎች ለምን እንደመለስሻቸው ለማንም አልተናገርሽም፤ እኔም አልጠይቅሽም።

አላህ ጉልበትሽን ያጽናልሽ፤ ደጅሽን ደስታ የሚገባበት ያድርገው። ለሠርጉ ቀደም ብለሽ ነይ።

ታናሽሽ

ሰኞ ጧት፦ ይህን የምጨምረው መናኸሪያ ቆሜ ነው። ሱብሂን ሰግጄ ሱቁን ከፈትኩ። መጋረጃውን አውርጄ ለመጀመሪያዋ ገዢ ሸጥኩት። ሱቁን ለባሂራ ትቼ እዚህ መጣሁ። ወደ እናንተ የሚመጣ አንድ መኪና አሳልፌ ሙስተፋ የሚነዳውን ጠበቅሁ፤ ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ሸብቷል። ደብዳቤውን በእጇ ስጣት አልኩት። ደህና ናት ወይ? አለኝ። ራስህ ጠይቃት አልኩት። ፖስታውን ሆን ብዬ አላሸግኩትም።