ሻዩን ማን ይቅመስላት

አባዬ፣ የኔ ሆድ፣

ስንቀብርህ ዝናቡ ገና መጀመሩ ነበር። አሁን መስቀል አልፎ፣ የደጃችን አደይ ረግፎ፣ በወለቃ በኩል ያለው ሰብል መድረቅ ይዟል። አርባህን በደንብ አውጥተናል፤ ካህናቱም እድርተኛውም አልቀሩም። የተቀመጥኩት ግን ይህን ልነግርህ አይደለም። እማዬ ልትሞትብኝ ነው። ካንተ ሌላ የምጮህለት ሰው አጣሁ።

ቤቱ ብዙ ተለውጧል። አልጋዋን ፀሐይ እንድታገኝ ብለን ወደ ሳሎን አውጥተነዋል። ራዲዮህን የሚከፍተው የለም። ካፖርትህ ብቻ እንደ ድሮው ከበሩ ጀርባ ተሰቅሏል፤ ላነሳው ስል ታየኛለች፣ እተወዋለሁ።

አእምሮዋ የከዳት ገና አንተ ሳለህ ነው። ያኔም ከማንም እጅ እህል ውሃ አልል ብላ ነበር። ያንተን ሻይ ግን ጠዋትና ማታ ትጠጣለች፣ ዳቦም እያጠቀሰች ትበላበታለች፤ ነፍሷን ያቆያት እሱ ነው። አንተ ከሄድክ ወዲህ ሻዩም ቀረ። ብርጭቆውን ሳቀርብላት ባዶውን እጄን ይዛ ትጎትተኛለች፣ ትታገለኛለች፣ ከዚያ ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞራለች። ከጤና ጣቢያ የምትመጣው ነርስ በግሉኮስ፣ እኔም በእንቅልፍ ልቧ በማንኪያ በማንጠባጥብላት አጥሚት አቆየናት፤ አሁን ግን መርፌው የሚገባበት ሥር ከእጇ ጠፋ።

መቼም ሻይ ላይ ሐኪም ያልሆነ ሰው የለም። ጎረቤታችን እትዬ አበባ፣ ስኳሩ በደረቁ ሳይቀላ ሻይ አይባልም ብላ በራዱን ቀማችኝ። አጎቴ ከዳባት ጦስኝ ይዞ ወረደና፣ የከተማ ቅመም ነው ሆዷን ያሳረረው ብሎ ቅርንፉዱን አስደፋኝ። ወንድሜ ደግሞ ባለ ክሩን ሻይ ገዝቶ መጣ፤ እሱማ ውሃ እስኪፈላ የሚጠብቅበት ትዕግሥት ከየት ያምጣ። ሁሉም የየራሱን ጠጥቶ ሄደ። የእሷ ብርጭቆ ቀዘቀዘ።

እኔ የፈለግኩት ያንተን ነበር። ከመተማ ያመጣኸው ቅጠል ከቆርቆሮው ሥር ጥቂት ቀርቶ ነበር። ውሃው ሲፈላ ቅጠሉን፣ ቀጥሎ ቀረፋውን፣ ከዚያ ስኳሩን እዚያው በራዱ ውስጥ ጨመርኩ። የሹፌር ሻይ ማንኪያ አይፈልግም ትል አልነበር? ምንም ሳላጎድል አፈላሁት። አልቀመሰችውም። ቅጠሉም አለቀ። ያን ቀን ጓዳ ገብቼ ተቆጣሁህ፤ ሙት መቆጣት ነውር መሆኑ ጠፍቶኝ አይደለም። ምነው፣ ምን እንደምትጨምርበት ሳትነግረኝ ሄድክ እያልኩ አለቀስኩ።

ዛሬ ጠዋት ከሱቅ የመጣ ቅጠል ነበር ያፈላሁላት። ተስፋ የቆረጠ ሰው ሻይ ምን ይሆናል፤ በጣም ፈልቶ መሯል፣ ስኳሩንም ረስቼዋለሁ። ሳቀርብላት እንደ ልማዷ እጄን ያዘች። መዳፌን ወደ ላይ ገለበጠችው። ስንታገል ሻዩ መዳፌ ላይ ፈሰሰ፤ ሲያቃጥለኝ ሳላስበው ወደ አፌ ወሰድኩት። እማዬ መታገሏን ተወች። አፍ አፌን እያየች፣

«አያ፣ ሸጋ ነው?» አለችኝ።

አያ ብላ የምትጠራው አንተን ብቻ ነው። አባዬ፣ ያኔ ሁሉም ነገር መጣልኝ። ብርጭቆውን ሳትሰጣት በፊት ከትኩሱ ሻይ መዳፍህ ላይ ጠብ አድርገህ ትቀምስ ነበር፣ ልክ መርዝ የለበትም ለማለት ቀምሶ እንደሚሰጥ የአገርህ ጠላ አሳላፊ። ያ መሪ ሲጨብጥ የኖረ መዳፍ ማቃጠሉም አይታወቀው። እሷ «ሸጋ ነው?» ትልሃለች፣ አንተ «ሸጋ ነው፣ ጠጪ» ትላታለህ። እኔ በእንግዳ ፊት አሳፈርከን፣ ሻይ ጠላ ሆነ እንዴ እያልኩ እስቅብህ ነበር። የሁለታችሁ ጨዋታ ነበር የመሰለኝ። ለካ ሻዩን ገፍታው አታውቅም፤ ቀምሶ የሚሰጣት ሰው ስትጠብቅ ነው የከረመችው። እኛ ስለ ቅመሙ ስንጣላ ብርጭቆውን አፏ ላይ ደቅነን ቆምን።

ሻዩ እሬት ነበር። «ሸጋ ነው፣ ጠጪ» አልኳት። ግማሹን ጠጣች።

ግማሽ ብርጭቆ ነው አባዬ። ሰው በግማሽ ብርጭቆ ሻይ ስንት ቀን እንደሚከርም አላውቅም። ማታ ትድገመው አትድገመው አላውቅም፤ ፈርቻለሁ፣ በጣም ፈርቻለሁ። ጠጥታ ስታበቃ ካፖርትህን አየችና፣ ምነው አትለብሰውም፣ ይበርድሃል ብላ ተቆጣችኝ። ካንተ ቀብር ወዲህ በስሜ ጠርታኝ አታውቅም። አትጥራኝ። መውለዷንም ትርሳው፣ ብቻ ትጠጣ።

ካፖርትህን ለብሼ ነው የምጽፍልህ፤ እጅጌው ይረዝመኛል። እንዳልረሳህ አትስጋ፤ ልርሳህ ብልስ እሷ መቼ ትለቀኛለች። ከእንግዲህ አንተን ሆኜ ነው ሻይ የማቀርብላት። መዳፌ ውሃ ቋጥሯል። ማታም በእሱው እቀምስላታለሁ።

ልጅህ