ማርሊስ አምስት ዓመት የኖረችበት ቤት

ለምወድሽና ለማከብርሽ ታላቅ እህቴ ለቨርና፣

እንደምን ሰነበትሽልኝ? ጉልበትሽስ እንዴት ሆነልሽ? ደረጃውን ብቻሽን መውረድ ጀመርሽ ወይስ አሁንም ሃሮልድን እንደ ከዘራ ትደገፊዋለሽ? እሱስ የልብ መድኃኒቱን በሰዓቱ ይውጣል? ልጅሽ ካሪንና ትንሿ ኢንግሪድ ደህና ናቸው? የሚኒሶታ በቆሎ ዘንድሮ ከጉልበት አለፈ? ቤቴን እየከፈትሽ ድመቶቼን ስለምታበይልኝ እግዜር ይስጥልኝ። እኔ ደህና ነኝ። ወገቤን ትንሽ ይቆረጥመኛል እንጂ ሌላ የሚወራ ነገር የለኝም። አብሮኝ የመጣው ጎርደን ግን በሁለተኛው ቀን ከመሰላል ወድቆ ክንዱ ስለተሰበረ ሐሙስ ወደ አገር ቤት ይመለሳል፤ ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልሽ እሱ ነው።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ነው የደረስነው። ሦስት አውሮፕላን ቀይረን፣ ከዳሬሰላም ደግሞ ከንጋት ጀምሮ በመኪና ስንንገላታ ውለን ነበር። ሰባታችንም ቤተ ክርስቲያናችን ያሠራችልንን አረንጓዴ ካናቴራ ለብሰን ችግኝ ተካዮች መስለናል። መንደሩ ልንደርስ ሁለት ኪሎ ሜትር ሲቀረን መንገዱ በሰው ተዘጋ። አደጋ የደረሰ መስሎኝ ነበር። ለካ እኛን ሊቀበሉ የወጡ ናቸው፤ ሽማግሌው፣ እናቲቱ ልጇን አዝላ፣ ሁሉም ቅጠል ይዞ ይዘምራል። እኛ አገር እንግዳ የምንቀበለው ቢበዛ እስከ በረንዳው ወጥተን ነው። ኦርጋን የለ፣ የመዝሙር መጽሐፍ የለ፤ በአራት ድምፅ ሲዘምሩ የመኪናው መስኮት ይንቀጠቀጥ ነበር። ወርጄ ከእነሱ ጋር በእግሬ ሄድኩ። አፌን ከፍቼ እንደነበር ጎርደን ነው የነገረኝ።

አንቺ ታውቂያለሽ፣ ሚስቴን ማርሊስን ከቀበርን ወዲህ ቤተ ክርስቲያን የምሄደው መጨረሻ ወንበር ላይ ተቀምጬ ቡናውን ለመጠጣት ነው። «እግዜርን ብትቀየመውም ጣራ መምታት ታውቃለህ፤ ለቆርቆሮው ስትል ሂድ» ብለሽ የገፋሽኝም አንቺ ነሽ። እኔም የመጣሁት ለክሊኒካቸው ቆርቆሮ ልመታ ነው እንጂ ሌላ ሐሳብ አልነበረኝም።

ከሰዉ መካከል አንዲት ሰማንያ ዓመት የሚሆናቸው ቀጭን ባልቴት ሰውን በክርናቸው እየገፉ መጥተው ሁለት እጄን ያዙና ፊቴን ትክ ብለው አዩት። ከዚያ «አርለን» አሉኝ። ቄስ ኪኮቲ ገና ስማችንን አላስተዋወቀም ነበር። ይህ ቄስ ዕድሜው ከካሪን የማይበልጥ ወጣት ነው፤ የሚተረጉምልን እሱ ነው። ሴትዮዋ ቢቢ ቩሚሊያ እንደሚባሉ ነገረኝ፤ ቢቢ ማለት አያት ማለት ነው።

የጸሎት ካርዱ ትዝ ይልሻል? ከሰባት ዓመት በፊት የእኛና የእነሱ ቤተ ክርስቲያን ቃል ሲገባቡ እያንዳንዱ ቤተሰብ ፎቶውን ለጥፎ፣ የሚጸለይለትን አንድ ነገር ጽፎ የተለዋወጠው ካርድ። የእኛን የሞላችው ማርሊስ ናት፤ ሕመሟ በተነገራት ሳምንት። በየዓመቱ አዲስ ወሬ መጻፍ ነበረብን። እሷ አንድ ጊዜ ጻፈች፣ ከዚያ ሞተች፤ እኔ ብዕር አላነሳሁም። የእኛ ካርድ የደረሰው ለእኚህ ሴት ነበር። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። ወረቀቱ ማርሊስ ታማለች እንዳለ ሰባት ዓመት ቆየ፤ ሞኙ ማን እንደሆነ አንቺም አታጪውም።

ቢቢ ቩሚሊያ መጀመሪያ የጠየቁኝ ስለ ጥቁሯ ላም ነው፤ አሁንም ትራገጣለች ወይ ብለው። ማርሊስ በደብዳቤዋ ጽፋላቸው ኖሯል። ላሞቹን ከሸጥኳቸው ሦስት ዓመቴ ነው፤ ሳቅኩ። ከዚያ ከኋላዬ ወዳለው መኪና አንገታቸውን አስግገው አዩ።

«ማርሊስስ? አትወርድም እንዴ?»

ያ ሁሉ ሰው ቅጠል ይዞ ይጠብቃል። እውነቱን ልንገርሽ እህቴ፣ ዋሸሁ። ደክሟት ቤት ቀረች አልኩ። ሰውን ላለማስቸገር ብለን የምንዋሻት ያቺ የእኛ አገር ውሸት! እሳቸው እጃቸውን ወደ ላይ ዘርግተው እልል አሉ፤ ሴቶቹም ተቀበሏቸው። ቄስ ኪኮቲ አንገቱን ደፍቶ ተረጎመልኝ። በሕይወት አለች ማለታቸው ነው፤ እሑድ በጉባኤው ፊት ቆመው ስለ እሷ ምስጋና ያቀርባሉ።

በማግሥቱ ቤታቸው ወሰዱኝ። አንድ ክፍል ናት፤ አልጋቸው ራስጌ ግድግዳው ላይ ካርዱ በላስቲክ ተሸፍኖ በሚስማር ተመቷል። እኔና ማርሊስ ከጎተራው ፊት ቆመን፣ እሷ ያንን ሰማያዊ ሹራቧን ለብሳ። ላስቲኩ ፊቷ ላይ ደብዝዟል፤ በየንጋቱ ዶሮ ሲጮህ እጃቸውን እዚያ ላይ አድርገው ነው አሉ የሚጸልዩት። አስቢው ቨርና። እኔ ልብሷን በካርቶን አድርጌ ከቤት ካወጣሁ አምስት ዓመቴ ነው፤ በዚህች ጭቃ ቤት ግን ማርሊስ በየጠዋቱ ስሟ ሲጠራ ኖራለች። በእኔ ቤት ስሟን የሚጠራ አልነበረም። ቆሜ ቀረሁ፤ ቆቤን ማውለቄንም ልብ ያልኩት በኋላ ነው።

ቅዳሜ እኩለ ቀን ጣራው ላይ ሆኜ ቁልቁል ሳይ ቢቢ ቩሚሊያ ዛፍ ሥር ተቀምጠው የቅርጫት ክዳን ይጨርሳሉ። ለማርሊስ የሚላክ ቅርጫት ነው። መዶሻው ከበደኝ። እሑድ አንድ ቀን ቀርቶታል፤ ያቺ ሴት በእኔ ውሸት እግዚአብሔርን ልታመሰግን ነው። ወርጄ ለቄስ ኪኮቲ ነገርኩት። እሱም ረቡዕ ዕለት ዓይኔን አይቶ ጠርጥሮ ነበር። እሱ ይንገርልኝ ብዬ ብለምነው ራሱን ነቀነቀ፤ መርዶው የእርስዎ ነው፣ እኔ ቃሉን ብቻ አሻግርልዎታለሁ አለኝ።

ፊታቸው መሬት ላይ ተቀመጥኩና ማርሊስ ከሞተች አምስት ዓመቷ ነው፣ ዋሽቻችኋለሁ አልኩ። ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ቢቢ ቩሚሊያ ቅርጫቱን ቀስ ብለው አስቀመጡት። እምነታቸውን ሰበርኩባቸው ብዬ ፈራሁ። ከዚያ ጠየቁኝ።

«አምስት ዓመት ሙሉ ብቻህን ነው ያለቀስከው?»

አላለቀስኩም አልኳቸው። እውነቴን ነው፤ አንቺም አይተሻል። ቀብሯ አርባ ደቂቃ ነበር፤ ከዚያ የቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት ወርደን ዳቦ በአሳማ ሥጋ በላን፣ ሰዉም እጄን እየጨበጠ ስለ ዝናቡ አወራኝ።

ቢቢ ቩሚሊያ ተነሥተው ወደ ጎረቤት ተጣሩ። ሴቶች ምንጣፍ ይዘው መጡ፤ ወንዶቹ መዶሻቸውን ጣሉ። ለቅሶ ተቀመጡልኝ! አምስት ዓመት ላለፈው፣ ፎቶ እንጂ ፊቷን ላላዩት ሰው። የእኛዎቹም ግራ ገብቷቸው በአረንጓዴ ካናቴራቸው ምንጣፍ ላይ ተደረደሩ። አንዲቱ ሴት የማርሊስን ስም እየጠራች እንጉርጉሮ ስታወርድ ከውስጤ የሆነ ነገር ተናደ። እህቴ፣ እንደ ሕፃን ልጅ አለቀስኩ፤ ጎርደን ፊት፣ በጠራራ ፀሐይ። ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ ማንም አልተነሣም፤ ስለ ዝናብም ማንም አላወራም።

ሲበቃኝ፣ ያን ሁሉ ዘመን ለሞተ ሰው በመጸለይዎ አልተከፉም ወይ ብዬ ጠየቅኳቸው። ሳቁብኝ።

«ሕመሟን አንሣላት ነበር የምለው። አሁን ያማታል? አያማትም። አንተ ግን ከስተሃል፤ ብላ።»

እሑድም ቆሙ። ማርሊስ በማረፏ፣ እኔ በመምጣቴ፣ ስለ ሁለቱም አንድ ላይ አመሰገኑ። ከዚያ በማርሊስ ቦታ ማንን ልጻፍ አሉኝ። አንቺን አልኩ፤ የጉልበትሽንም ነገር ነገርኳቸው። ስለዚህ ከሰኞ ጀምሮ በየንጋቱ እዚህ ትጠሪያለሽ። ቅርጫቱም ያንቺ ሆኗል፤ ጎርደን በደህናው እጁ ይዞልሽ ይመጣል።

ሃሮልድን ሳሚልኝ፤ መድኃኒቱን ካልዋጠ እሱንም አስጽፈዋለሁ በይው። ካሪንን ሰላም በይልኝ። ለኢንግሪድ የዶቃ አምባር ገዝቼላታለሁ። ድመቶቼን ዳበስ አድርጊልኝ።

ሰላምታውን ያስቀደምኩት የሚያሳፍረኝን ወደ መጨረሻ ለመግፋት ብዬ ነው። የቢቢ ቩሚሊያ ካርድም ለእኛ ደርሶን ነበር። ማርሊስ እያለች ማቀዝቀዣው ላይ ተለጥፎ ነበር፤ ከቀብሩ በኋላ እኔ ባትሪና ሲባጎ በምጥልበት መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት። ትናንት ቢቢ ቩሚሊያ ትከሻዬን ይዘው፣ የእኔንም ነገር በጸሎት ስለያዝክልኝ እግዜር ይስጥህ አሉኝ። ምን እንደለመኑን አላውቅም ቨርና። ልጠይቃቸው አፌ አልታዘዝ አለኝ። እባክሽ መሳቢያውን ክፈቺና ከፎቶው ሥር የተጻፈውን አንብበሽ በቄስ ኪኮቲ ስልክ ንገሪኝ፤ ቁጥሩ ከዚህ ደብዳቤ ጀርባ አለ። ስሰማ ይህንንም መርዶ ራሴ እነግራቸዋለሁ። እስከዚያው ግን ዶሮ ሲጮህ እነሣለሁ፤ ምን እንደምለምንላቸው ባላውቅም ስማቸውን እጠራለሁ።

ወንድምሽ አርለን
ኪሉንዳ መንደር፣ ኢሪንጋ፣ ታንዛኒያ
ጁላይ 12 ቀን 2011