የእናትሽ ድንጋይ በኔ ጀልባ

ለምወድሽ ልጄ ለቨርና፣

እንዴት ከርመሻል? ጉልበትሽን የሚይዝሽ ብርድ ለቀቀሽ ወይ? ባልሽ ኦስበርት ደህና ነው? ልጆቹስ ይታዘዙሻል? እኔ ዓይኔ ትንሽ ከመድከሙ በቀር፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ እንደ ብረት ነኝ። ፊደሌ ከተንጋደደ ግን በንዴት እየጻፍኩ ነውና ታገሺው።

የተናደድኩት ባንቺም ጭምር ነው፤ አልደብቅሽም። ለአጎትሽ ልጅ ለራንደል ደውለሽ፣ «የእናቴ የመቃብር ድንጋይ ከግሬናዳ በመንገደኛ መርከብ ይምጣ፤ አባባን በዚያች ጀልባ እንዳትለቁት» ብለሻል አሉ። እናትሽ ሊታ ካረፈች ጀምሮ ይህን ሁሉ ዓመት የጠበቅነው በደሴታችን ወግ የድንጋይ ድግሱን ደግሰን ድንጋይዋን በክብር ልናቆምላት አይደለም? ታዲያ ሚስቴን ከሽንኩርት ጆንያና ከቢራ ሳጥን ጋር ላስጭናት?

ጀልባዋን የሠራኋት እኔ ነኝ። የጎኗን አጥንት ጫካ ገብቼ፣ ራሱ ጎብጦ ካደገ ግንድ ቆረጥኩ። ፕላን የለ፣ ወረቀት የለ፣ በዓይኔ ብቻ። የኋላዋን ሆድ እንደ ባለሸራ ጀልባ ሰብሰብ አድርጌ ወደ ላይ አነሳሁት፤ አባቴም አያቴም እንደዚያ ነው የሠሩት። ከጀርባዋ ባለው ሳንቃ ላይ የእናትሽን ስም በመሮ ቀረጽኩ። ውሃ ላይ ስናወርዳት፣ በጉ ታርዶ የሩም አረቄው ከተረጨ በኋላ፣ የጀልባዋ የክርስትና አባት ስሙ የተሸፈነበትን ጨርቅ ሲገልጥና ስሙ ሲታይ መንደሩ ሁሉ አለቀሰ።

ያው መንደር ሞተሩ ሲነሳ ሳቀ። ፍጥነት ስሰጣት ኋላዋ ይሰምጣል፣ አፍንጫዋ ሰማይ ያያል፤ እኔም ከፊቴ ያለውን አላይም። ዊልፍሬድ ከመጠጥ ቤቱ በር ላይ ሆኖ፣ «ኤቨራርድ፣ የምታጠምደው ዓሣ ነው መላእክት?» አለኝ። ይሳቅ! የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው፤ ኋላዋ በሰመጠ ቁጥር የእናትሽ ስም አረፋ ውስጥ ይገባል። ራንደል ደግሞ መጋዝ ይዞ መጣ። «አጎቴ፣ ሸራ ሌላ ሞተር ሌላ። ሞተር ኋላዋን ወደ ታች ይስባል፤ ከታች ሰፊና ቀጥ ያለ ካልሆነ ምን ይደግፋታል? ቆርጠን እንደገና እንሥራው» አለኝ። በሊታ ስም ላይ መጋዝ! ከግቢዬ አባረርኩት።

ቅዳሜ ድንጋይዋን ላመጣ ስነሳ ግን ሳልጠራው ጀልባዋ ውስጥ ተቀምጦ አገኘሁት። «ከሰመጥክ ለቨርና ምን ብዬ ልንገራት?» አለኝ። ግሬናዳ ደርሰን ድንጋይዋን በፍራሽ ጠቅልለን ከፊት አጋደምናት። ወደ ካሪያኩ ስንመለስ ያ ክፉ ሞገድ ያለበት ቦታ ላይ ጀልባዋ በድንጋይዋ ክብደት ፊቷን ዝቅ አድርጋ፣ ቀጥ ብላ ሄደች። ዞሬ አየሁ፤ ስሙ ደረቅ ነው። ራንደልም ዞሮ አየው።

ወደቡ ላይ ወንዶቹ ባርኔጣቸውን አውልቀው እስከ ደረታቸው ውሃ ገብተው ተቀበሏት። ዊልፍሬድም ነበረ። ድንጋይዋ ወርዳ ጀልባዋን ወደ ማሰሪያዋ ስነዳት እንደገና በቂጧ ተቀመጠች። ማንም አልሳቀም፤ ዊልፍሬድ ፊቱን አዞረ። ከሳቁ ይልቅ ይህ አንገበገበኝ፤ የኔ ጀልባ ምን ሆነችና ይታዘንላታል?

ማታ ድንጋይዋን ከአልጋችን አጠገብ አስቀምጬ ጽሑፉን በጣቴ ዳበስኩት። ስሟ እዚያ ላይ ነው፤ አረፋ አይደርስበትም። እሑድ ከጸሎት መልስ ስሟ የተቀረጸበትን የኋላ ሳንቃ ሌላ ሰው ሳይነካው በእጄ ነቀልኩትና ራንደልን፣ «መጋዝህን አምጣ» አልኩት። ተሸነፈ ብሎ ቢጽፍልሽ ውሸቱን ነው።

አንቺ ሳትመጪ ድንጋይዋ አትቆምም። ኦስበርትን በርታ በይው፤ ልጆቹን ጉንጫቸውን ሳሚልኝ፤ ለአማትሽም አክብሮቴን ንገሪልኝ። ራንደልና እናቱ ሰላም ብለውሻል። ግሬናዳ ስትደርሺ ታዲያ የመንገደኛ መርከብ የሚባል ነገር እንዳታነሺብኝ። ወደቡ ላይ ጠብቂኝ፤ እኔው መጥቼ እወስድሻለሁ።

አባትሽ ኤቨራርድ
ዊንድዋርድ፣ ካሪያኩ፣ ጁን 9 ቀን 1998