«ደርድሮ ይመልሳል» ስለሚለው ዐረፍተ ነገርና ስለ ከማሉዲን ደም

መልካ ወረር፣ ኅዳር ፲፪ ቀን ፲፱፻፹፩ ዓ.ም.

ለጓድ ወልደ ኢየሱስ አትክልት
የኮምፒዩተር መመሪያ ዝግጅት ክፍል ኃላፊ
አዲስ አበባ

የተከበሩ ጓድ፣

ይህ ደብዳቤ ከሸለቆው ሙቀት ወጥቶ እጅዎ እስኪገባ ድረስ ጤናዎ የተሟላ፣ ወንበርዎ የተደላደለ፣ ቢሮዎም ነፋሻ እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ። እኔ ውባየሁ እሸቴ እባላለሁ። በአዋሽ ሸለቆ ካሉት የጥጥ እርሻዎች በአንዱ የስታቲስቲክስ ሠራተኛ ስሆን፣ አምና ለእርሻችን የመጀመሪያው ኮምፒዩተር ሲመጣ እንድሠራበት የተመደብኩ፣ ክፍልዎ ወደ አማርኛ የተረጎመውንም ባለ ሰማያዊ ሽፋን መመሪያ ፈርሜ የተረከብኩ ሰው ነኝ። ለዚህ መጽሐፍ እስከ ዛሬ ምስጋና ሳላቀርብ የቆየሁት ከንቀት ሳይሆን ከኀፍረት መሆኑን እንዲረዱልኝ በትሕትና እለምናለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው ሐምሌ የሕክምና ቡድን መጥቶ ከተባይ መድኃኒት ጋር ከሚውሉ አርባ ስድስት ሠራተኞቻችን ደም ወሰደ። ከእነዚህ አንዱ ባንዲራ ያዡ ከማሉዲን ነበር። ባንዲራ ያዥ ማለት የርጭት አውሮፕላኑ መስመሩን እንዳይስት በጥጡ ትልም ጫፍ ላይ ባንዲራ ይዞ የሚቆም ሰው ነው፤ በጥጡ ላይ የሚወርደው ሁሉ በእሱም ላይ ይወርዳል። ከማሉዲን በሰባ ሰባቱ ድርቅ ከወሎ ወጥቶ እኛ ዘንድ የሰነበተ፣ ሚስቱ ዘሀራ ገበያው ዳር ሻይ የምትሸጥ፣ ጨዋ ሰው ነው። የደሙ ውጤት በቁጥር ይመጣል፣ ቁጥሩ ባነሰ መጠን መርዙ ሰውየውን ጎድቶታል ማለት ነው፤ ቁጥሩ ከሃምሳ በታች የወረደ ሰው ወዲያው ከርጭት ይራቅ ተባለ። እኔም ስሞቹን በአንድ ዝርዝር፣ ቁጥሮቹን በሌላ ዝርዝር፣ ደም በተወሰደበት ተራ ማሽኑ ውስጥ አስገባሁ። ከዚህ በኋላ የሠራሁት ሁሉ በመመሪያዎ መሠረት ስለሆነ፣ ምስጋናዬን በቁጥር ለይቼ አቀርባለሁ።

፩ኛ. ማሽኑ መቁጠር የሚጀምረው ከዜሮ መሆኑን መመሪያዎ ሳይነግረን በጨዋ ዝምታ ስላለፈው እናመሰግናለን። በእኛ አካባቢ ግመል የሚቆጥረውም ልጅ የሚቆጥረውም ከአንድ ስለሚጀምር፣ እኔም ከአንድ ጀምሮ እንዲያትም አዘዝኩት። አርባ አምስት ሰው ብቻ ታትሞ ወጣ። የጎደለው፣ ቀጥሎ እንደምነግርዎ ስሞቹ በፊደል ተራ ሲደረደሩ ፊተኛ የሆነው የመድኃኒት በጥባጩ አብዱሰላም ነበር፤ በእስክሪብቶ ጨመርኩትና ሥራዬን ቀጠልኩ። አንድ ሙሉ ሰው የረሳ ማሽን ሌላስ ምን ረስቶ ይሆን ብዬ አለመጠየቄ ግን የእኔ እንጂ የክፍልዎ ስጦታ አይደለም።

፪ኛ. በገጽ ሠላሳ አራት ላይ «ሶርት፦ ዝርዝሩን በፊደል ተራ ደርድሮ ይመልሳል» የሚል ዐረፍተ ነገር ስለጻፉልን ልዩ ምስጋና ይድረስዎ። ሥራ አስኪያጃችን በመጀመሪያ ስሞቹን ብቻ በፊደል ተራ እንዳትምላቸው አዘው ነበር። እኔም መጽሐፉን ገልጬ «ይመልሳል» የምትለዋን ቃል አየሁና ደስ አለኝ። መጥረቢያ የተዋሰ ጎረቤት ሥራውን ሲጨርስ መጥረቢያውን እንደሚመልስ ሁሉ፣ ማሽኑም ስሞቹን ደርድሮ ካሳየኝ በኋላ ወደ ነበሩበት ተራ የሚመልሳቸው መሰለኝ። ለካ የሚመለስ ነገር የለም! ማሽኑ ራሱን ዝርዝሩን በቋሚነት አተራመሰው፤ የቁጥሮቹ ዝርዝር ደግሞ ማንም ስላልነካው በቦታው ቀረ። ቀጥዬ ለክሊኒኩ ስሙንና ውጤቱን ጎን ለጎን ሳትም፣ የአንዱ ስም ከሌላው ደም ጋር ተጋብቶ ወጣ። ወረቀቱ በጣም ያምር ነበር።

፫ኛ. ለምሳሌው እናመሰግናለን። ከትእዛዙ በፊት በላይ፣ ሀምዳ፣ ኑራ፤ ከትእዛዙ በኋላ በላይ፣ ሀምዳ፣ ኑራ። ማሽኑ ስም የሚያውቀው በላቲን ፊደል ስለሆነ ሦስቱ ቀድሞውኑ ተደርድረው የተቀመጡ ናቸው። ሶርት ነካቸው አልነካቸው ሊያውቅ የሚችል ሰው እስከ ዛሬ አልተወለደም። ምሳሌውን የመረጠውን ባለሙያ እባክዎ በስሜ ሰላም ይበሉልኝ።

፬ኛውን ጀምሬ ነበር፤ ስለ ማውጫው ነው። እዚህ እንደደረስኩ የተጻፈውን ለክሊኒካችን ነርስ ለሲስተር ሰርክአዲስ አነበብኩላት። እስከ መጨረሻው ሰማችኝና «የመጽሐፉን ጥፋት ቆጥረህ ጨረስክ፤ የራስህን መቼ ነው የምትጀምረው?» አለችኝ። ስለዚህ ማውጫውን ትቼዋለሁ።

በዚያ ባማረ ወረቀት ላይ የመድኃኒት መጋዘን ዘበኛው አማን ሃያ ስምንት፣ ከማሉዲን ዘጠና አንድ ተብለው ወጡ። አማን ከመጋዘን ተነሥቶ ወደ ችግኝ ጣቢያ ጥላ ተዛወረ፣ በየቀኑም ወተት ታዘዘለትና ጉንጩ ሞላ። ከማሉዲን ግን ወደ ባንዲራው ተመለሰ።

ከአምስት ቀን በኋላ ቢሮዬ መጣ። በሩ ላይ ቆሞ «ጋሼ ውባየሁ፣ ወላሂ ደኅና አይደለሁም። እጄ ይንቀጠቀጣል፣ ምራቄ አልቆም ብሏል። አውሮፕላኑም አንዱ ሁለት ሆኖ ይታየኛል» አለኝ። ወረቀቱን አወጣሁና አሳየሁት። ማንበብ እንደማይችል እያወቅሁ ነው ያሳየሁት። «ዘጠና አንድ ነህ። ማሽን አይዋሽም፣ የሚዋሽ ሰው ነው» አልኩት። «እሺ ጋሼ» ብሎ ሄደ። ሲስተር ሰርክአዲስ በዚያው ዕለት መጥታ «የዚህ ሰው ዓይን ብሌን የመርፌ ቀዳዳ አክሏል፤ ወረቀትህን እንደገና እየው» ብትለኝ፣ እሷንም በሳይንስ ላይ እምነት የላትም ብዬ መለስኳት።

በዚህ ብቻ አላበቃሁም። ማክሰኞ በውይይት ክበብ የሂስና ግለ ሂስ ጊዜ ሲደርስ እጄን አውጥቼ ተነሣሁ። ማንም አላዘዘኝም፤ አዲሱን ማሽን የማውቅ እኔ መሆኔ እንዲታይልኝ ብቻ ነበር። ከማሉዲንን በሰው ሁሉ ፊት አስነሣሁትና ወረቀቱን ከፍ አድርጌ «ጓዶች፣ ይህ ሰው ከእኔም ከእናንተም ጤነኛ ነው፤ የያዘው በሽታ ስንፍና ይባላል» አልኩ። ሰው ሳቀ። «እስቲ እጅህን ዘርጋ» አልኩት። ዘረጋ። እጁ ሲንቀጠቀጥ ማስመሰሉን የቻለበት ስለመሰላቸው ይበልጥ ሳቁ። እሱም ሰው ሲስቅ አይቶ አብሮ ፈገግ አለ። ጓድ ወልደ ኢየሱስ፣ ያ ፈገግታ በመመሪያዎ በየትኛውም ገጽ የለም፤ ከእኔ በቀር የሚጠየቅበት የለም።

ወደ ባንዲራው በተመለሰ በስምንተኛው ቀን ጠዋት አውሮፕላኑ ለሦስተኛ ጊዜ ሲዞር ባንዲራው ወድቆ ነበር። ቦዩ ዳር የሚያርሙ ሴቶች ሮጠው ሲደርሱ ከማሉዲን አፉ አረፋ ይዞ በትልሙ መካከል ተዘርግቷል። ሲስተር ሰርክአዲስ መርፌ ወግታው በፒክአፕ በአዋሽ በኩል ወደ ሆስፒታል ይዛው ወረደች። በማግስቱ ተመልሳ የሕክምና ቡድኑ በእጅ የጻፈውን ወረቀት ማሽኑ ላይ አስቀመጠችልኝ። ሃያ ስምንቱ የከማሉዲን ነበር። ዘጠና አንዱ የአማን። አርባ ስድስቱን አንድ በአንድ አስተያየሁ፤ የገዛ ደሙን ያገኘ ሦስት ሰው ብቻ ነው፣ እሱም በአጋጣሚ። ከርጭት መራቅ የነበረባቸው ሌሎች አምስት ሰዎችም ያን ዕለት ከማሳ ተጠሩ።

ለሥራ አስኪያጁ ስናገር «የቴክኒክ ብልሽት ነው ብለህ ጻፍና ፈርም» አሉኝ። ጻፍኩ፤ ፈረምኩም። ማሽኑ ግን አንድም ቀን ተበላሽቶ አያውቅም።

ከማሉዲን በሕይወት ተመለሰ፤ አልሃምዱሊላህ ይላል። እግሮቹ ግን እንደ ድሮው አይታዘዙትም፣ በምርኩዝ እየጎተተ ይሄዳል፤ አሁን የቦይ በር ይጠብቃል፣ ተቀምጦ። ቤቱ ሄጄ ለዘሀራ ስለ ማሽኑ፣ ስለ መጽሐፉ፣ ስለ «ይመልሳል» ላስረዳት ሞከርኩ። ሻዩን ቀድታ ፊቴ አስቀመጠችና «ማሽኑማ ምን ያውቃል ጋሼ? እጁ ሲንቀጠቀጥ ቆመው ያዩት እርስዎ ነዎት» አለችኝ። ሻዩን ሳልጠጣ ወጣሁ።

ያለፈው ማክሰኞ በዚያው ክበብ ተነሥቼ ሁሉንም ተናገርኩ። የሳቀ የለም። የቴክኒክ ብልሽት ብዬ የፈረምኩትንም ወረቀት ሐሰት ነው ብዬ በጽሑፍ ሽሬአለሁ፤ ምን እንደሚደረግብኝ ገና አልተነገረኝም። ይህንንም ደብዳቤ በግልጽ የምጽፈው በመደርደሪያ ውስጥ ተቀምጦ እንዳይቀር ነው። ከክፍልዎ የምለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በገጽ ሠላሳ አራት ያለው ተሰርዞ በቦታው ይህ ይግባ፦ «ሶርት ራሱን ዝርዝሩን ይለውጠዋል። የነበረው ተራ ይጠፋል። አብሮት የሚሄድ ሌላ ዝርዝር ካለ አብሮ አይደረደርም፤ ከመደርደርህ በፊት ቅጂ አስቀምጥ።» ጽሑፉ ውበት እንደሚጎድለው አውቃለሁ፤ ይቅርታዎን እለምናለሁ።

በሥራ ብዛት መካከል ይህን ያህል ጊዜዎን የወሰድኩ፣ የመጽሐፍዎ ታማኝ አንባቢ፣ የከማሉዲንም ባለዕዳ፣

ውባየሁ እሸቴ
(የማይነበብ ፊርማ)

ግልባጭ፦
ለእርሻው ክሊኒክ
ለውይይት ክበቡ
ለማስታወቂያ ሰሌዳው

ድኅረ ጽሑፍ፦ አዲሱን ዐረፍተ ነገር ይገባ እንደሆነ ለመፈተን ቦይ በሩ ድረስ ሄጄ ኮምፒዩተር አይቶ ለማያውቀው ለከማሉዲን አነበብኩለት። አንድ ጊዜ ሰምቶ ገባው። «ጋሼ፣ ስሜ ሲሄድ ደሜ ለምን ቀረ?» ብሎ ጠየቀኝ። ጥያቄው መመሪያውን የሚመለከት ስለሆነ ለተከበረው ክፍልዎ አስተላልፌአለሁ። መልሱን ሲልኩ እባክዎ በእሱ ስም ይላኩት፤ እኔ አነብለታለሁ።