በመንገድ ዳር የቆመን ሰው ጥሎ መሄድ ላስተማሩኝ ዋና ፈታኝ

ለክቡር አቶ ቪቶልድ ሳዶቭኒክ
በከተማችን የመንጃ ፈቃድ ፈተና ማዕከል የከባድ መኪና ዋና ፈታኝ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ፣ እንደምን ሰንብተዋል እያልኩ የአክብሮት ሰላምታዬን አቀርባለሁ። የጥቅምት ብርድ ጉልበትዎን እንዳይዳፈርብዎ፣ ቀኑን ሙሉ ከማያውቁት ሰው ጎን ተቀምጠው ሲንገጫገጩ ወገብዎን እንዳይቆረጥምዎ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የቀዩ እስክሪብቶዎ ቀለም እንዳይነጥፍ ከልብ እመኛለሁ። እኔ ደህና ነኝ። ደህና የሆንኩትም በእርስዎ ምክንያት ስለሆነ፣ ምስጋናዬን ከተማው ሁሉ እንዲሰማው በሳምንታዊው ጋዜጣችን በኩል ላደርስ ወስኛለሁ።

ስሜ ኤሰንጉል ቱርዱባዬቭ ይባላል፤ የአርባ ስድስት ዓመት ኪርጊዝ ነኝ። በስሜ ባያስታውሱኝ አይደንቀኝም፤ በማዕከሉ ኮሪደር ላይ የምታወቀው «የኪያሩ ሰውዬ» በመባል ነው። ፖላንድኛዬ ገና ስለሚያነክስ ይህን ደብዳቤ ያረመችልኝ የመንጃ አስተማሪዬ ግራዥና ናት። እሷም ስድቡን በሙሉ አውጥታ በቦታው ምስጋና ስለተካችበት፣ ምስጋናው ከበዛብዎ ጥፋቱ የእኔ አይደለም።

በአገሬ ሃያ ሁለት ዓመት ከባድ መኪና ነድቻለሁ። በግ፣ የድንጋይ ከሰል፣ አንድ ጊዜም ሙሉ የሠርግ ድግስ ከነሙሽራው ጭኜ ሦስት ሺህ ሜትር ከፍታ ያለው ተራራ አሻግሬያለሁ። እናም እዚህ ስመጣ መሪ አስጨብጠው የሚያሰማሩኝ መስሎኝ ነበር። ከመንደሬ ስወጣ በግ ታርዶልኝ፣ ሽማግሌዎች መርቀው ሸኝተውኛል። እኔም ምርቃቱ ሳይቀዘቅዝ፣ በደረስኩ በሦስተኛው ቀን፣ ከአንድ የሚያብረቀርቅ ቀይ መኪና ጎን ደረቴን ነፍቼ ፎቶ ተነሣሁና ለእናቴ ላክሁላት። እሷም አሳጥባ ግድግዳ ላይ ሰቅላዋለች። ያን መኪና አንድም ቀን ነድቼው አላውቅም፤ ከፎቶው በፊት ያጠብኩት ግን እኔው ነኝ። የቀጠረኝ ድርጅት የአገሬ መንጃ ፈቃድ ስለ ተሳቢ ምንም እንደማይል ሲያይ፣ የዚህን አገር ፈቃድ እስካወጣ ድረስ መኪና አጣቢ አድርጎ አስቀመጠኝ። የመኖሪያ ፈቃዴ ደግሞ በመስከረም መጨረሻ ያበቃ ነበር። እስከዚያ ፈተናውን ካላለፍኩ ዕጣ ፈንታዬ ወደ መንደሬ ተመልሶ እዚያው ፎቶ ሥር መቀመጥ ነበር።

እንግዲህ ጉዳዮቼን በተራ ቁጥር ላቅርብ።

፩ኛ. ስለ ሥልጠናው። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ከመኪና መውረድ እንኳ እንደማላውቅ የተረዳሁት እዚህ ነው። ለካ ሰው ከጋቢና የሚወርደው ፊቱን ወደ መኪናው አዙሮ፣ በእጁም በእግሩም ተጠንቅቆ ይዞ፣ ደረጃ በደረጃ ኖሯል! እኔ እንደ ፍየል ዘልዬ ስወርድ ኖሬ እስከዛሬ በሕይወት መቆየቴ ለራሴም ገርሞኛል። ደግሞም ሾፌር አራት ሰዓት ተኩል ከነዳ በኋላ አርባ አምስት ደቂቃ ማረፍ እንዳለበት ሲነገረን እጄን አውጥቼ «መኪናው ሳይበላሽ?» ብዬ ጠየቅሁ። ክፍሉ በሳቅ ሞተ። በእኛ ዘንድ ሾፌር የሚያርፈው መኪናው ሲቆምበት ብቻ ነው። ስለዚህ ትምህርት በጣም አመሰግናለሁ፤ ይህቺኛዋ ምስጋና እውነተኛ ናት፣ ግራዥና የጨመረቻት አይደለችም።

፪ኛ. ስለ መቃብሩ። የመጀመሪያው ፈተናዬ በሚያዝያ ነበር፤ የፈተናው መንገድ ደግሞ የከተማውን መቃብር ታክኮ እንደሚሄድ ከእርስዎ በላይ የሚያውቅ የለም። እኛ ኪርጊዞች በመቃብር አጠገብ ስንሄድ ሁለት እጃችንን ዘርግተን ለሙታን ምሕረት እንለምንና ፊታችንን በመዳፋችን እንዳብሳለን። ሾፌርም ቢሆን ይህን ያደርጋል፤ እንዲያውም ከሁሉ ይልቅ ምሕረት የሚያስፈልገው ሾፌር ስለሆነ አብዝቶ ያደርገዋል። የአገሬ መኪኖች ይህን ልማድ ስለሚያውቁ ለአፍታ ያህል ራሳቸውን ችለው ይሄዱልናል። የእናንተን መኪና ግን እኔ አላሳደግኩትም። አመል ያወጣል ከመሐል እንዲሉ፣ እጆቼ ሳላዝዛቸው መሪውን ለቀው ተነሡ። እርስዎም፣

«አቶ ቱርዱባዬቭ! መሪውን! መሪውን ይያዙ እንጂ! ምን እያደረጉ ነው?» አሉኝ።

«እየጸለይኩ ነው፣ ጌታዬ።»

«እኔም እየጸለይኩ ነው! የእኔ እጅ ግን መሪ አልያዘም!»

በውጤት ወረቀቱ ላይ «ተሽከርካሪው በእንቅስቃሴ ላይ ሳለ ሁለት እጁን ከመሪው ለቅቆ በደረቁ ፊቱን ታጠበ» ብለው ጽፈዋል። አጻጻፍዎን አደንቃለሁ። ግራዥና ወረቀቱን አንብባ ስትጨርስ ዓይኗን እየጠረገች፣ «ስማኝ ኤሰንጉል፣ ሙታኑ አይቸኩሉም። በልብህ ጸልይላቸው፤ እጅህን ግን ተውልኝ» አለችኝ። ተስማማሁ።

፫ኛ. ስለ ኪያሩ። ይህን ለማስረዳት አባቴን ማስተዋወቅ ግድ ይለኛል። አባቴ ቱርዱባይ እንደ እኔው ሾፌር ነበር። አንድ ክረምት ተራራው ላይ መኪናው ቆመበት። ስድስት መኪኖች አይተው እንዳላዩ ሆነው ሄዱ፤ ሰባተኛው ቆመለት። በስድስተኛውና በሰባተኛው መካከል የግራ እግሩን ሁለት ጣቶች ብርድ ወሰደበት። ከዚያ ወዲህ ከጉዞ በተመለስኩ ቁጥር ስለ ጭነቱም ሆነ ስለ መንገዱ ጠይቆኝ አያውቅም። ጥያቄው አንዲት ናት፤ «የቆመ አገኘህ?» ይለኛል። አዎ ካልኩት «ምን ነክቶት ነበር?» ይላል። የለም ካልኩት «ተመስገን» ብሎ ወደ ሥራው ይመለሳል። እኔ ያደግሁት በዚህች ጥያቄ ነው።

እናም በሰኔ፣ በሁለተኛው ፈተናዬ፣ አንዲት አሮጊት ጎማ ከተነፈሰባት ትንሽ መኪና ጎን ቆመው ሳይ ምን ላድርግ? ስፖኪዮ አየሁ፣ ፍሬቻ አሳየሁ፣ ዳር ይዤ ቆምኩ፤ ከጋቢናውም ፊቴን ወደ መኪናው አዙሬ በሥርዓቱ ወረድኩ። እርስዎን ምን እንደሚሉ ሳልጠይቅ ጥዬዎት መሄዴ ስህተት ነበር፤ ዛሬ ገብቶኛል።

«ኧረ ልጄ» አሉኝ አሮጊቷ፣ «ይህን ቤት የሚያህል መኪና ለእኔ ጎማ ብለህ አቆምከው?»

«ፈተና ላይ ነኝ እማማ። ክሪኩ የት ነው?»

«ፈተና ላይ? ታዲያ ያ ጋቢና ውስጥ ያለው ሰውዬ ምን ሆኖ ነው እንዲህ በርበሬ የመሰለው?»

«ፈታኜ ናቸው። አይዞዎት፣ ደግ ሰው ናቸው።»

ጎማውን ቀይሬላቸው ስንለያይ አሮጊቷ በእጃቸው ያዘጋጁትን፣ በጨው የታሸገ የኪያር ማሰሮ አሸከሙኝ። በእኛ ደንብ መንገድ የሰጠውን ለብቻ መብላት ነውር ነው፤ ግማሹ አብሮህ የተሳፈረው ሰው ድርሻ ነው። ስለዚህ በዘይት በጠቆረ እጄ ማሰሮውን ከፍቼ «ይቅመሱ» አልኩዎት። እርስዎም «ፈታኙ ሳያዙት ተሽከርካሪውን ለቅቆ ለአሥራ ሁለት ደቂቃ ተሰወረ፤ ለመንግሥት ሠራተኛም ስጦታ ለመስጠት ሞከረ» ብለው ጻፉ። ክቡር ሆይ፣ ድሃ ልሆን እችላለሁ፣ ነገር ግን ሥርዓት የማያውቅ ሰው አይደለሁም፤ እርስዎን የሚያህል ሰው በጉቦ ልደልል ባስብ ኖሮ በኪያር አልጀምርም፣ ቢያንስ ጠቦት አመጣ ነበር።

፬ኛ. ይህኛው አቤቱታ አይደለም፤ ፈተናውን ያለፍኩበት ቀን ነው። መስከረም ሃያ አራት፣ ዝናብ ይዘንባል፣ የመኖሪያ ፈቃዴ ስድስት ቀን ቀርቶታል። ግራዥና ከመግባቴ በፊት ኮሌታዬን ይዛ፣ «አባትህ ራሱ መንገድ ዳር ቆሞ እጁን ቢያውለበልብ አትቆምም! ገባህ? ካለፍክ በኋላ የፈለግከውን ሁን!» ብላኛለች። መቃብሩ ጋ ስንደርስ መሪውን ጨምድጄ በልቤ ብቻ ጸለይኩ። ይህን በወረቀቱ ላይ ስላላሰፈሩት እንዳያመልጥዎ ብዬ ነው።

ከመቃብሩ ሁለት ኪሎ ሜትር ያህል እንደሄድን አንድ ሰው ከነጭ መኪና ጎን፣ ዝናቡ ላይ፣ ሁለት እጁን እያወዛወዘ ቆሞ አየሁት። እጄ ፍሬቻው ላይ ደርሶ ነበር። አይተዋል። የእስክሪብቶዎን ክዳን ብቻ ከፈቱ። እናቴ ግድግዳ ላይ የሰቀለችው ፎቶ በዓይኔ መጣብኝ፤ እጄን መለስኩ። በስፖኪዮው ሳየው ሰውዬው እጆቹን ቀስ አድርጎ ሲያወርድ ነበር። ማዕከሉ ግቢ ስንገባ ጨበጡኝና «እንኳን ደስ አለዎት። አንድም ጉድለት የለም። አዩ፣ ሲፈልጉ ይችላሉ ማለት ነው» አሉኝ።

አባቴ ጋ ደወልኩ።

«አባባ፣ አገኘሁት! መንጃ ፈቃዱን አገኘሁ!»

«ጎሽ ልጄ። የቆመስ አገኘህ?»

«አይ፣ አላገኘሁም።»

«ተመስገን» አለ።

አባቴን ዋሽቼው አላውቅም ነበር። ፎቶው እንኳ ለእናቴ ነው የተላከው። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ አጥቤ ከጨረስኩት መኪና ሥር ተቀምጬ አለቀስኩ፤ አፈርኩ። አባቴ ሰባተኛው እንድሆን አሳድጎኝ፣ እኔ ከስድስቱ አንዱ ሆኜ ፈቃድ ተሰጠኝ። ሁለት ጊዜ ፈተና ሲጥሉኝ እንቅልፌን እተኛ ነበር፤ ያስደሰትኩዎት ዕለት ግን እንቅልፍ እንቢ አለኝ።

እንግዲህ ለትዕግሥትዎ፣ ለቀይ እስክሪብቶዎና ከእኔ ሰው ለማውጣት ለደከሙት ድካም ሁሉ፣ እኔም፣ በሩቅ ያለው መንደሬም፣ ግድግዳው ላይ ያለው ፎቶዬም ሳይቀር ከመቀመጫችን ተነሥተን እጅ እንነሣለን። ረጅም ዕድሜ ከሙሉ ጤና ጋር፣ መልካም መንገድ ከሙሉ ባትሪ ጋር ይስጥዎ።

በሕግ አምላክ ሲሉኝ የምቆም፣ ሰው ሲለምነኝ ግን እንዳልቆም በማኅተም የተረጋገጠልኝ፣ ታዛዥ ተማሪዎ፣

ኤሰንጉል ቱርዱባዬቭ
የተሳቢ ሾፌር (ከእንግዲህ ፎቶው እውነት ነው)

የተረሳ ነገር፦ ስለ ባትሪው የተመኘሁልዎ ያለ ምክንያት አይደለም። ባለፈው ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ሸክላ ጭኜ ስመጣ፣ አንድ ግራጫ መኪና ኮፈኑ ተከፍቶ፣ አንድ ሰውም ሰማያዊ ማህደር እያውለበለበ ቆሞ አየሁ። እንደ ሠለጠንኩት ጥዬ ሄድኩ። አራት ኪሎ ሜትር ያህል ከሄድኩ በኋላ ግን መንገዱ ጠበበኝ፤ ማዞሪያው ላይ ዞሬ ተመለስኩ። እርስዎ ነበሩ። የባትሪው ገመድ ላልቶ ስለነበር አጥብቄ አስነሣሁልዎ፤ አሥራ ሁለት ደቂቃ እንኳ አልፈጀም። በሥራ ቱታዬ ስላላወቁኝ «እግዜር ይስጥዎት ጌታው! ሠላሳ አንድ መኪና ቆጠርኩ፣ አንድም ሰው አልቆመልኝም። ሰው ምን ነካው?» አሉኝ። ከሠላሳ አንዱ አንደኛው እኔ ስለነበርኩ ኮፈኑን ዘግቼልዎ ወደ መኪናዬ ተመለስኩ። ያለ ፈታኝ ትእዛዝ ተሽከርካሪዬን ለቅቄ በመውረዴ እንደ ጥፋት ይመዝገብልኝ። ማታውን አባቴ እንደ ልማዱ ሲጠይቀኝ «አገኘሁ፤ የባትሪ ገመድ ነበር» አልኩት፤ የመስከረሙንም፣ ጥዬ መሄዴንም፣ መመለሴንም፣ የመኪኖቹንም ቁጥር ሳልደብቅ ነገርኩት። እሱም፣ «አንተስ ተመለስክ። የቀሩትን ሠላሳዎቹን መንዳት ያስተማራቸው ማነው?» አለኝ። ስምዎን አልነገርኩትም፤ አባቴ ጋዜጣ አያነብም።